ለገና ቤተሰብ ጋ ስገባ እንግሊዝኛ መናገር እንዴት ልለማመድ?

ሞጣ ገቢ
ታኅሣሥ 17፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ከታኅሣሥ 24 እስከ ጥምቀት ማግስት ከባሕር ዳር ወጥቼ ሞጣ ቤተሰብ ጋ ነኝ። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ የተጻፈውንም እረዳለሁ፤ ስናገር ግን ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይቆረጥብኛል። ቤት ውስጥ የ9ኛ እና የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆኑ ወንድሞች አሉኝ። ኔትወርክ አንድ ቀን ይኖራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። በበዓሉ ግርግር መሀል በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አላገኝም። በዚህ ውስጥ የሚሠራ፣ ያለ ኢንተርኔትም የሚሄድ ነገር ንገሩኝ።

መምህር ከብቸና
ታኅሣሥ 17፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ፣ በመጀመሪያ የሰዋስው መጽሐፍ ይዘሽ አትግቢ። ማንበብ ከቻልሽ የጎደለሽ እውቀት አይደለም፣ ፍጥነት ነው። ፍጥነት ደግሞ አዲስ ነገር በመጨመር አይመጣም፤ የሚታወቀውን ነገር ደጋግሞ በመናገር እንጅ። የበዓል ሰሞን ለዚህ የተመቸ ነው። የምናወራው ጥቂት ነገር ነው፣ እሱም ቤት በገባው እንግዳ ቁጥር ይደጋገማል።

አምስት ርዕስ ምረጭ፣ ከዚያ አይብለጥ፦ በጉ እንዴት እንደተገዛ፣ ዶሮ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ገና ለምን ጃንዋሪ 7 ላይ እንደሚውል፣ የገና ጨዋታ እንዴት እንደሚካሄድ፣ የነቢያት ጾም ምን እንደሆነ። ለእያንዳንዱ ሦስት ቀን ስጭው፤ አሥራ አምስት ቀን ነው፣ በቆይታሽ ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያው ቀን አሠራር እንዲህ ነው። አሥር ደቂቃ ተዘጋጂ። ወረቀት ላይ ከስምንት እስከ አሥር ቃል ብቻ ጻፊ፣ ዓረፍተ ነገር አትጻፊ። ዓረፍተ ነገር ከጻፍሽ ታነቢዋለሽ፣ ያኔ ዓይንሽ ይሠራል እንጅ አፍሽ አይሠራም። ከዚያ ለ11ኛ ክፍሉ ወንድምሽ አራት ደቂቃ ተናገሪ። ያንኑ ነገር ለ9ኛ ክፍሉ በሦስት ደቂቃ። ያንኑ ለስልክ መቅጃው በሁለት ደቂቃ። ሰሚው በየተራው ሲለወጥ እንደ አዲስ ማስረዳት ግድ ይሆንብሻል፤ ሰዓቱ ሲያጥር ደግሞ «እምምም» የምትይባቸው ቦታዎች ይወጣሉ። በሁለተኛው ቀን ያንኑ ርዕስ ድገሚው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ደቂቃውን ብቻ ቅጂና ከመጀመሪያው ቀን ቅጂ ጋር አዳምጪው።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። ትዝ ያለውን አዲስ ዝርዝር ይጨምርና ሦስት ደቂቃው ስድስት ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ልምምዱ ፈርሷል። ይዘቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሌላው ጥፋት ሦስቱንም ጊዜ ለአንድ ሰው መናገር ነው፣ ሰሚው ይሰለቻል፣ አንችም መዝለል ትጀምሪያለሽ። አራት ደቂቃ ከበዛብሽ ከሦስት፣ ከሁለት፣ ከአንድ ተኩል ጀምሪ፤ ምንም ነውር የለውም።

ወንድሞችሽም ዝም ብለው አይስሙ። በየንግግሩ መጨረሻ አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ይጠይቁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጥያቄ መመሥረት ለእነሱም ይጠቅማቸዋል።

ጣና ዳር
ታኅሣሥ 17፣ ከምሽቱ 4፡05

መምህር ያሉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ባሕር ዳር የሚመጡ እንግዶች በዚህ ሰሞን ምን እንደሚጠይቁ ነው፤ የምትዘጋጅው ነገር ሰው የሚጠይቀው ቢሆን ይሻላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ቀኑ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ የኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለ ልዩነት ጳጉሜን ስድስት ያደርጋል፤ የፈረንጁ ግሪጎሪያን ግን በ1700፣ በ1800 እና በ1900 ተጨማሪዋን ቀን ዘሏል። መጀመሪያ ከነበረው የአሥር ቀን ልዩነት ጋር አሁን 13 ቀን ሆኗል። ዲሴምበር 25 ላይ 13 ጨምሪ፣ ጃንዋሪ 7 ይመጣል። በእንግሊዝኛው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «አወር ካለንደር ሃዝ ኤ ሊፕ ዪር ኤቭሪ ፎር ዪርስ። ዘ ግሪጎሪያን ካለንደር ስኪፕስ ሰም ኦቭ ዘም። ሶ ናው ዌ አር ሰርቲን ዴይስ ቢሃይንድ።» እንደ ሐተታ አታርዝሚው።

ከዚያ መስተዋድዱ። ለሰሞኑ በጠቅላላ «አት ክሪስማስ»፣ ለቀኑ «ኦን ክሪስማስ ዴይ»፣ ለዋዜማው «ኦን ክሪስማስ ኢቭ»፣ ለወሩ «ኢን ጃንዋሪ»፣ ቀኑ ከወሩ ጋር ሲመጣ ግን «ኦን ጃንዋሪ ዘ ሰቨንዝ»። በአማርኛ ሁሉንም «በ» ስለሚሸፍነው ነው የሚምታታው። አምስቱን ጮክ ብለሽ በአንድ ትንፋሽ በይ፣ ጠዋትና ማታ።

የሰዓቱ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ሰው የሚያስቀር ስህተት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማለት «ስሪ ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ካልሽ እንግዳው የሚረዳው የኛን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ስድስት መጨመር ወይም መቀነስ ሁሉም ያውቃል፤ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። የኛ ሌሊት ካለፈው ቀን ጋር ይቆጠራል፣ የእነሱ ቀን ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። እሑድ ሌሊት 8 ሰዓት ያልነው ለእነሱ ሰኞ፣ «ቱ ኤ ኤም» ነው። ስለ ገና ሌሊት ቅዳሴ ስታወሪ ይህ በቀጥታ ይመጣል፣ ቀድመሽ ተለማመጅው።

የእንግሊዝኛ ስም የሌለው ነገር ሲገጥምሽ አትቁሚ። አንድ ቅርጽ ብቻ ያዢ፦ «ኢትስ ኤ ካይንድ ኦቭ…»፣ «ሜድ ፍሮም…»፣ «ዌ ኢት ኢት ዊዝ…»። ድፎ ዳቦ፣ ጠላ፣ ቆሎ፣ አዋዜ፣ ኩበት፣ ምጣድ፣ ሌማት፣ ጋቢ። በቀን አምስት ዕቃ ከቤት መርጠሽ በዚህ ቅርጽ አስረጂ። ዕቃ ሲሆን መጨረሻውን ወደ «ዌ ዩዝ ኢት ፎር…» ቀይሪው።

ሞጣ ገቢ
ታኅሣሥ 18፣ ከጠዋቱ 1፡40

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጣና ዳርም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ። በግ (sheep) እና መርከብ (ship) በእንግሊዝኛ ድምፃቸው ስለሚቀራረብ፣ ስለ በግ ሳወራ «መርከብ ገዛን» እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ድምፁን ብቻዬን እንዴት አስተካክላለሁ? ትክክል ማለቴንስ ማን ይነግረኛል?

የዳንግላዋ
ታኅሣሥ 18፣ ከቀኑ 6፡30

የሚነግርሽ ስልክሽ ነው። ከኪቦርዱ ላይ ያለውን የማይክሮፎን ምልክት ንኪና ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጊው፤ ያልሽውን ይጽፍልሻል። ከመሄድሽ በፊት የእንግሊዝኛውን የድምፅ ጥቅል አውርደሽ ከያዝሽ ብዙዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ነገር ግን ነጠላ ቃል ብቻ ንገሪው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካልሽው ከገበያና ከመግዛት ጋር በግ እንደሚሄድ ገምቶ ራሱ ያርመዋል፣ አንችም በትክክል ያልሽ ይመስልሻል።

አሁን ወደ ድምፁ። በግን ስትይ ከንፈርሽ ወደ ጎን ይለጠጥ፣ ድምፁም ይርዘም፦ ልክ «ሺ» ብለሽ እንደያዝሽው። መርከብን ስትይ ደግሞ ከንፈርሽን አትለጥጪው፣ ድምፁ አጭር ነው፣ በ«ሺ» እና በ«ሽ» መካከል ይውላል። አማርኛ ይህ መካከለኛ ድምፅ ስለሌለው አፋችን ሁለቱንም ወደ «ሺ» ይጎትታቸዋል። ስለዚህ መሥራት ያለብሽ አጭሩ ላይ ነው። ጥንዶቹን በተራ በያቸው፦ መብላት እና ግዑዙ «እሱ» (eat፣ it)፣ ትቶ መሄድ እና መኖር (leave፣ live)፣ መቀመጫ እና መቀመጥ (seat፣ sit)፣ መሰማት እና መሙላት (feel፣ fill)። እያንዳንዱን አሥር ጊዜ፣ ስልኩ ከአሥሩ ስምንቱን በትክክል እስኪጽፍ።

«ፕ» ሌላው ነው። «ፖሊስ»ን «ቦሊስ» የሚል አፍ እንግሊዝኛ ላይም ይህንኑ ያደርጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የ«ጳውሎስ»ን ጠንካራ ድምፅ ያወጣል። የእንግሊዝኛው ትንፋሽ አለው። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ስስ ወረቀት ከከንፈርሽ ፊት ያዢ፦ «ፕ» ስትይ ካልተወዛወዘ አልሆነም፣ «ብ» ስትይ ከተወዛወዘም አልሆነም።

«ቭ» ስትይ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይንካ። መለኪያው ቀላል ነው፦ «ቭ» ሦስት ሰከንድ ሊያዝ ይችላል፣ «ብ» ግን ሊያዝ አይችልም። «ቲ» እና «ኤች» ሲገናኙ የሚወጣው ድምፅ መስታወት ይፈልጋል፤ የምላስሽ ጫፍ በጥርሶችሽ መካከል ካልታየ «ስ» ወይም «ዝ» ብለሻል ማለት ነው። ጣና ዳር የሰጠሽ ቁጥሮች፣ አሥራ ሦስትና ሰባተኛ፣ ሁለቱም ይህ ድምፅ አለባቸው። እነሱ ላይ ሥሪ።

በ«ስ» የሚጀምሩ ቃላት ፊት «እ» አትጨምሪ፦ «እስኩል»፣ «እስትሪት»። «ስ»ን ሁለት ሰከንድ ሳቢና ሳታቋርጪ ቀጣዩን ፊደል ጨምሪበት፣ ከዚያ አሳጥሪው።

የዳንግላዋ
ታኅሣሥ 18፣ ከቀኑ 6፡50

አንድ ነገር ረሳሁ፣ የዶሮ ወጡ ርዕስ ላይ ይጠቅምሻል። ኃላፊ ጊዜ ላይ የሚጨመረው «ኢዲ» ሦስት አነባበብ አለው። ግሡ በማይነዝሩ ድምፆች (ፕ፣ ክ፣ ፍ፣ ስ፣ ሽ፣ ች) ካለቀ «ት» ነው፦ «ቾፕት»፣ «ኩክት»፣ «ዋሽት»። በ«ት» ወይም «ድ» ካለቀ «ኢድ»፦ «አዲድ»፣ «ሮስቲድ»። በሌላው ሁሉ «ድ»፦ «ፒልድ»፣ «ቦይልድ»፣ «ስተርድ»። መንዘሩን ለማወቅ ጣትሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊ። ሽንኩርት መላጥ፣ መክተፍ፣ ማቁላላት፣ በርበሬና ቅቤ መጨመር፣ እንቁላል መቀቀል፣ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት ማውጣትና ማጠብ፦ ሦስቱም ዓይነት በአንድ ወጥ ውስጥ አለ። እናትሽ ስትሠራ አጠገቧ ቁመሽ የተሠራውን ወዲያው በኃላፊ ጊዜ ተናገሪ። «ከት» እና «ፑት» በኃላፊም አይለወጡም።

ፍኖተ ሰላም
ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 1፡15

መምህር ካሉት ጋር በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። ያለ እርማት መደጋገም ስህተትንም ያፈጥነዋል። ሦስት ጊዜ በፍጥነት የተነገረ ስህተት አራተኛ ጊዜ በቀላሉ አይነቀልም።

እያወራሽ አትታረሚ፣ በኋላ ግን ታረሚ። የሁለት ደቂቃውን ቅጂ ቃል በቃል ወደ ወረቀት ገልብጪው፣ ስህተቱንም ሳታስተካክዪ። ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከዚያ ከአማርኛ የሚመጡትን ስህተቶች ፈልጊ። በጣም የሚበዙት እነዚህ ናቸው።

«የገዛነው በግ» ስንል ግሡ ላይ ያለችው «ው» በጉን ትጠቁማለች። ስለዚህ በእንግሊዝኛም ሳናውቀው «ዘ ሺፕ ዊች ዌ ቦት ኢት» እንላለን። «ኢት» ትውጣ፦ «ዘ ሺፕ ዌ ቦት»። ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል፤ እኛ ገላጩን እናስቀድማለን፣ እነሱ ስሙን። «ትናንት ከገበያ የገዛነው በግ»፣ «አያቴ የጋገረችው ዳቦ»፣ «ከቡሬ የመጣው እንግዳ» እያልሽ በቀን አሥር ገልብጪ።

ሁለተኛ፣ በአማርኛ «ትናንት ገዝቻለሁ» ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ «ትናንት» ካለ «ሃቭ» አይገባም፤ «አይ ቦት ኢት የስተርዴይ» ብቻ። «ሃቭ» የሚገባው መቼ እንደሆነ ሳትናገሪ ነው።

ሦስተኛ፣ «እመጣለሁ አለ» ስንል የሰውየውን ቃል እንዳለ እንይዛለን። በእንግሊዝኛ «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» ካልሽ የምትመጪው አንች ትሆኛለሽ። «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም» በይ። በበዓል ማን ይመጣል፣ ማን ይቀራል ሲወራ ነው የሚዋለው፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ያጋጥምሻል።

አያትሽን ለማክበር ብለሽ «ዘይ» አትበያቸው፣ እንግሊዝኛው ላይ «ሺ» በቂ ነው።

በአንድ ቀን ከሁለት ዓይነት ስህተት በላይ አታርሚ። የታረመውን ገጽ ይዘሽ አታንቢ፤ ወረቀቱን ገልብጠሽ እንደገና ተናገሪው።

መምህር ከብቸና
ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 2፡00

ፍኖተ ሰላም ያለው ይሻላል፣ ተቀብያለሁ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን መካከል ይግባ። መገልበጡ በመጀመሪያው ቀን ማታ፣ የታረመው ንግግር በሁለተኛው ቀን። ሦስቱ ቀን እንዲህ ይሞላል።

የቡሬ ልጅ
ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 2፡45

ፊልም በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ማየትስ? በዓል ላይ ሁሉም ቤት ቴሌቪዥን ይከፈታል።

ጮቄ ሥር
ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 3፡30

የግርጌ ጽሑፍ ሲኖር ዓይን ጆሮን ይቀድማል። እሷ ደግሞ ማንበብ ችላለች፤ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ የምታውቀውን ስትሠራ ትውላለች። ለመዝናናት ይሁን። ለጆሮ ግን የቃል ጽሕፈት፣ ማለትም የሰሙትን መጻፍ፣ ይሻላታል።

ባሕር ዳር ሳለሽ ዋይፋይ ባለበት አውርጂ። የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» እያንዳንዱ ክፍል ከነጽሑፉ ይወርዳል። ስድስት ደቂቃ ድምፅ በተለመደው 128 ኪሎቢት ጥራት 6 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አሥሩ 60 ሜጋባይት አይሞላም። ቢከብድሽ የአሜሪካ ድምፅ ቀድሞ «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ይለው የነበረውን ፈልጊ። በፈረንጅ 1959 የተጀመረ ነው፤ 1,500 ያህል ቃል ላይ ተወስኖ በዝግታ የሚነበብ ነው፣ የቆዩ ቅጂዎቹ አሁንም ከሰው ወደ ሰው ይዘዋወራሉ። ጽሑፉን ስክሪንሾት አንሺ ወይም አትሚው፤ ጽሑፉ ከሌለ ልምምዱ ማረሚያ የለውም።

ከአንዱ ክፍል ሰላሳ ሰከንድ ብቻ ምረጪ። አንዴ ሳትጽፊ አዳምጪ። ከዚያ ከአምስት እስከ ሰባት ቃል እየቆረጥሽ ጻፊ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ እስከ ሦስት ጊዜ ስሚው፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ከጽሑፉ ጋር አስተያይና ያመለጠሽን በሦስት ክፈይው፦ ጭራሽ የማታውቂው ቃል፣ ብታነቢው የምታውቂው ግን ያልሰማሽው፣ የቃል መጨረሻ («ስ»፣ «ድ»)። አብዛኛው ሁለተኛው ውስጥ ነው የሚወድቀው። ምክንያቱም እንደ «ቱ»፣ «ኦቭ»፣ «አንድ»፣ «ፎር» ያሉ ትንንሽ ቃላት በንግግር ውስጥ ሙሉ ድምፃቸውን አያወጡም፤ ተድጠው ያልፋሉ። አማርኛ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ድርሻውን ስለሚያገኝ ጆሯችን ሙሉውን ይጠብቃል።

«ካን» ላይ ተጠንቀቂ። «እችላለሁ» ሲሆን «ክን» ያህል ተድጦ ያልፋል፣ «አልችልም» ሲሆን ግን «ካንት» ጎልቶ ይወጣል፣ መጨረሻዋ «ት» ብዙ ጊዜ አትሰማም። አንች «አይ ካን» ብለሽ «ካን»ን ካጎላሽው ሰሚው አልችልም አለች ብሎ ሊረዳ ይችላል። ግሡን አጉዪው፣ «ካን»ን አሳንሺው።

በመጨረሻ ያንኑ ሰላሳ ሰከንድ ጽሑፉን እያየሽ ከድምፁ ጋር እኩል ተናገሪ፣ አምስት ጊዜ። ስድስተኛውን ሳታዪ።

ሞጣ ገቢ
ታኅሣሥ 19፣ ከጠዋቱ 2፡05

ሰዓቱ እንዴት ይከፋፈላል? ዋዜማና የበዓሉ ዕለት ቤት ሙሉ ነው። ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ባሕር ዳር ተመልሼ ቱሪስት ማናገር እፈልጋለሁ፣ እንዴት ልጀምር?

መምህር ከብቸና
ታኅሣሥ 19፣ ከቀኑ 7፡20

የቃል ጽሕፈቱን ጠዋት ቤቱ ሳይነቃ፣ ሃያ ደቂቃ። የድምፅ ልምምዱን የቤት ውስጥ ሥራ እየሠራሽ፣ ለብቻው ጊዜ አትስጭው። ንግግሩን ከሰዓት በኋላ ወንድሞችሽ ሲገቡ፣ ሃያ ደቂቃ። መገልበጡን ማታ፣ ሃያ ደቂቃ። ዋዜማና ገና ላይ ወረቀቱን ሁሉ ተይው፤ የጣና ዳርን «ካይንድ ኦቭ» ብቻ በልብሽ ሥሪ። ማግስቱን ግን አታሳልፊው፤ ከሁለት ቀን በላይ ካለፈ የተጀመረው ርዕስ ከእንደገና ይጀመራል። የገና ጨዋታውን ርዕስ ለማግስቱ አቆይው፤ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ እያየሽ ቡድኑን፣ ዱላውን፣ ኳሱን፣ ግቡን በአሁን ጊዜ መተረክ ትችያለሽ። ይህ ከሌሎቹ ርዕሶች የሚለይ ልምምድ ነው፣ «ሂ ኢዝ ራኒንግ»፣ «ዘይ ሃቭ ስኮርድ» ሌላ ቦታ አይመጣልሽም።

ጣና ዳር
ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 1፡50

ቱሪስቱን በተመለከተ። በመንገድ ላይ የሚሄድን ሰው አታስቁሚ፤ የተቀመጠ ወይም የሚጠብቅ ሰው ይሻላል። መክፈቻሽ ይህ ይሁን፦ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ አይም ለርኒንግ ኢንግሊሽ። ዱ ዩ ሃቭ ፋይቭ ሚኒትስ ቱ ቶክ?» ደቂቃውን መናገርሽ ሰውየውን ያረጋጋዋል፤ ብዙ ሰው የሚሸሸው ማለቂያው ስለማይታወቅ ነው። እምቢ ካለ «ኖ ፕሮብለም፣ ኢንጆይ ዩር ዴይ» ብለሽ ተመለሺ፣ አትከተዪ።

ሰላምታውን አታስረዝሚ። እኛ ጤናውን፣ ቤቱን፣ ልጆቹን ጠይቀን ነው ወደ ጉዳያችን የምንገባው፤ ለእነሱ አንድ «ሃው አር ዩ» ይበቃል። «ወዴት ነው?» ለኛ ሰላምታ ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን ክትትል ይመስላል። ዕድሜ፣ ደሞዝ፣ ትዳርና ሃይማኖት በመጀመሪያ ንግግር አይጠየቅም። ይልቅ «ዋት ሃቭ ዩ ሲን ሶ ፋር?» በይው፤ ዘጌን ወይም ጢስ ዓባይን ካነሳ ቀጥሎ የምትጠይቂውን ራሱ ሰጥቶሻል። እሱ ስለ ገና ከጠየቀሽ ደግሞ ያዘጋጀሽው ሁለት ደቂቃ አለ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 19። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ገና በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ላይ ስለሚውል ጃንዋሪ 7ን አይለቅም፣ ጥምቀት ግን ይዘዋወራል። ለእንግዳ ቀን ከመናገርሽ በፊት የዘንድሮውን ካላንደር እዪ።